ላላየነው ሰው ለምን እናለቅሳለን?



በአካባቢያችን የአንድ ሰው ሞት ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነው?» ተብሎ ነው። ቀጥሎም «ምንህ ይሆናል?» ይባላል። ዘመድ፣ ጎረቤት ወይም የቅሬ አባል ከሆነ ለቅሶው ይመለከትዎታል። ካልሆነ ግን አዝነው ወደ ሥራዎ ያልፋሉ። የሐዘን ደንባችን ከጥንት ጀምሮ የተሠራው በዝምድናና በጉርብትና ልክ ነው። ታዲያ በዚህ ደንብ ውስጥ ቦታ ያልተሰጠው አንድ ለቅሶ አለ። እሱም ፊቱን በአካል ያላየነው፣ እጁን ያልጨበጥነው፣ ከማዕዱ ያልቀመስነው ዝነኛ ሰው ሲሞት የምናለቅሰው ለቅሶ ነው።

ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ የነደፍኩት ያንን ለቅሶ ልነቅፍ ነበር። ርዕሱንም «የጅል እንባ» ብዬው ነበር። ይሁን እንጂ ነገሩን ባገላበጥኩት ቁጥር ነቀፌታው ወደ ራሴ እየተመለሰ ስላስቸገረኝ ርዕሱንም ሐሳቤንም ለመለወጥ ተገደድኩ። የገጠመኝን በቅደም ተከተል ላቅርብና ፍርዱን ለእርስዎ ልተው።

ጥያቄው ከየት መጣ?

መስከረም 17 ቀን 2015 ዓ.ም. ድምፃዊ ማዲንጎ አፈወርቅ ማረፉ ተሰማ። ዕለቱ የመስቀል በዓል ነበርና የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ደስታ በአንድ ጊዜ ወደ ትካዜ ሲለወጥ አየን። ሙስሊሙም ወጣት ቢሆን ከሐዘኑ የራቀ አልነበረም። ዜናው መካነ ሰላም የገባው በእጅ ስልክ ነው። በዘመናችን ስልክ ከመርዶ ነጋሪ ይቀድማል።

በማግሥቱ ከማስቀራቸው ደረሶች አንዱ፣ አሥራ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ፣ ዓይኑ ቀልቶ ድምፁ ሰልሎ መጣ። በቃሉ የሚያውቀውን አያ ሁለት ጊዜ ሳተ። «ምን ሆነህ ነው?» አልኩት። ጓደኛው ቀደም ብሎ «ኡስታዝ፣ ማዲንጎ ሞቶበት ነው» አለና ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም አብሬ መሳቄ ሳያንስ በጓደኞቹ ፊት ገሠጽኩት። አባትህ ነው ወይስ አጎትህ? ስምህን ያውቀዋል? አንተ ብትሞት እሱ ያለቅስልህ ነበር? እያልኩ ጥያቄ አከታተልኩበት። ልጁ አቀርቅሮ ሲያዳምጠኝ ቆየና ቀስ ብሎ፣

«ኡስታዝ፣ አንቱስ ለኑረይን አልቅሰው የለም ወይ? እሱስ ያውቅዎ ነበር?» አለኝ።

ውድ አንባቢ፣ መልስ አልነበረኝም። ሱዳናዊው ቃሪእ ኑረይን ሙሐመድ ሲዲቅ ጥቅምት 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሲሞት በእርግጥ አልቅሻለሁ። ደረሶቼም አይተውኛል። ኦምዱርማንን በእግሬ ረግጬ አላውቅም። ሰውየውን የማውቀው በስልክ ከሚደርሰኝ ድምፁ ነው። የድምፁ አወራረድ በሱዳንና በሳህል አገሮች እንደተለመደው በአምስት ድምፆች የሚመላለስ በመሆኑ ለእኛ አገር ጆሮ ቅርብ ነው። ብዙ ሌሊት ከሱብሒ በፊት እሱን እየሰማሁ ነቅቻለሁ። ታዲያ የእኔ እንባ የአዋቂ፣ የልጁ እንባ የጅል የሆነው በምን ሚዛን ነው? «እሱ ቁርኣን ነው፣ ያኛው ዘፈን ነው» ልል እችል ነበር። ይህ ስለሰማነው ነገር ልዩነት ይናገራል እንጂ፣ ላላየነው ሰው ለምን እንደምናለቅስ አያስረዳም።

ሞኝነት ነው ወይ?

በየሰው ምላስ ላይ የሚገኘው መልስ «ሞኝነት ነው፣ ሥራ ማጣት ነው» የሚል ነው። መልሱ ለተናጋሪው ቀላል ነው፤ ለጠያቂው ግን አንዳች አይፈይድም። ጥላሁን ገሠሠ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ሞቶ፣ ሚያዝያ 15 ቀን በብሔራዊ ደረጃ ሲቀበር መስቀል አደባባይን የሞላውን ሕዝብ ያስታውሷል። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ከጥላሁን ጋር አንድ ሲኒ ቡና የጠጡት ስንት ይሆናሉ? ያን ያህል ሕዝብ ሞኝ ብሎ ማለፍ ፈራጁን እንጂ ሕዝቡን አያሳንስም።

ሻል ያለው መልስ እንዲህ ይላል፦ ሰው የሚተዋወቀው በመተያየት ብቻ አይደለም። ሬዲዮ ከቤታችን ከገባ ወዲህ ድምፅም እንደ እንግዳ ገብቶ ያድራል። ጥላሁን ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሲዘፍን ድምፁ በሠርጉም፣ በአውቶቡሱም፣ በሻይ ቤቱም ነበረ። ወሎ በተራበ ጊዜም «ዋይ ዋይ ሲሉ» በተሰኘው ዜማው ከረሃቡ ጋር ነበረ። አንድ ሰው ሃምሳ ዓመት ቤትዎ ቢገባና ቢወጣ፣ በደስታዎም በችግርዎም ቢገኝ፣ ሲሞት «አያውቀኝም» ብለው ዝም ይላሉ? ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1956 ባሳተሙት ጥናት ይህን ነገር አስተውለውታል። በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚቀርበው ሰው ፊት ለፊት እንደሚያነጋግረን ሆኖ ስለሚመጣ የቅርብ ወዳጅ ይመስለናል፤ ወዳጅነቱ ግን የአንድ ወገን ነው ይላሉ። እኛ እናውቀዋለን፣ እሱ አያውቀንም። ልብ ይበሉ! ወዳጅነቱ የአንድ ወገን ነው ማለት ስሜቱ ሐሰት ነው ማለት አይደለም።

ሌላም መልስ አለ። ጎልማሳው ለጥላሁን ሲያለቅስ የሚያለቅሰው በዚያ ዘፈን ውስጥ ለቀረው የራሱ ወጣትነት ነው ይባላል። ዘፋኙ ሲሞት ያ ዘመን እንደማይመለስ ይረጋገጣል። ይህም እውነትነት አለው።

እነዚህ ሁለት መልሶች ለብዙ ሰው ይሠሩ ይሆናል። የእኔን ደረሳ ግን አላስረዱልኝም። ማዲንጎ ለእሱ የሃምሳ ዓመት እንግዳ አልነበረም፤ በአሥራ ሰባት ዓመቱም የሚያለቅስለት ያለፈ ወጣትነት የለውም።

ያልመጣ መርዶ

ሳምንት ያህል ቆይቼ ለሌላ ጉዳይ ወደ ወላጆቹ ቤት ሄድኩ። እናቱ ቡና እያፈሉ፣ ልጁ ከብቶቹን ሊያስገባ በወጣበት፣ ነገሩን በጨረፍታ ነገሩኝ። ታላቅ ወንድሙ ወደ ዐረብ አገር ሊሻገር በአፋር በኩል ወጥቶ ጅቡቲ ደርሷል። «ነገ ባሕሩን እንሻገራለን፣ ዱዓ አድርጉልኝ» ብሎ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ዓመት ከመንፈቅ ድምፁ አልተሰማም። ይህ ታሪክ ለደቡብ ወሎ አንባቢ አዲስ አይደለም። እንዲህ ያለ ቤት የሌለበትን ሰፈር መፈለግ ይከብዳል።

እናትየው ልጃቸው ሞቷል አይሉም፤ ሌላውም በፊታቸው እንዲል አይፈቅዱም። በዚያ ቤት ማልቀስ ክልክል ነው፤ ሟርት ነው፣ ሞትን መጥራት ነው ይላሉ። መርዶ ስላልመጣ ድንኳን አልተጣለም። ቅሬው አልተጠራም። «አብሽሩ» ብሎ የገባ የለም። እርም አልወጣም። ወንድምየው ከመሄዱ በፊት ሌት ተቀን የሚያዳምጠው የማዲንጎን ዘፈን ነበር። ዘፈኖቹ የተጫኑበትን ሚሞሪ ለታናሹ ትቶለት ነው የወጣው።

እንግዲህ እኔ በልጆች ፊት የሳቅኩበት ለቅሶ ይህ ነበር። ልጁ ለወንድሙ እንዳያለቅስ ተከልክሏል፤ ለማዲንጎ እንዳያለቅስ ግን ከእኔ በቀር የከለከለው አልነበረም።

እኛ የመድረሳ ሰዎች ይህን ቤት በስም እናውቀዋለን። በፊቅህ ኪታቦች «መፍቁድ» የሚባል ባብ አለ። ደብዛው የጠፋ ሰው ሞቱ በማስረጃ ወይም በቃዲ ፍርድ እስኪረጋገጥ ድረስ ንብረቱ ለወራሽ አይከፋፈልም። እኔም ይህን ባብ ብዙ ጊዜ አስቀርቻለሁ። ስለ ንብረቱና ስለ ሚስቱ ጉዳይ የሊቃውንቱን ልዩነት እየዘረዘርኩ አስተምሬያለሁ። የመፍቁዱ ታናሽ ወንድም ግን ከፊቴ ተቀምጦ ሲቀራ አላስተዋልኩትም።

ከዚህ በኋላ ነው የዝነኞች ለቅሶ በሌላ መልኩ የታየኝ። በእኛ አገር ለቅሶ ቤት ገብታ የራሷን ሟች እያነሳች የምታለቅስ ሴት ሞልታለች። ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የሚነቅፋት የለም። የዝነኛ ሰው ሞትም እንዲሁ ሰፊ ለቅሶ ቤት ነው። መርዶው ለሁሉም በአንድ ቀን ይደርሳል። ያን ቀን በየልቡ ተቆልፎ የቆየው፣ ቦታና ጊዜ ያላገኘው ሐዘን ሁሉ በር ይከፈትለታል። ባሕር የበላው ወንድም፣ ሳትሰናበት የሞተች እናት፣ በባዕድ አገር የተቀበረ ልጅ፣ ሁሉም በዚያ በር ይወጣሉ። ሁሉም አልቃሽ እንዲህ ነው አልልም። ሆኖም አልቃሹን ከመፍረዳችን በፊት ለማን እንደሚያለቅስ መጠየቅ የተገባ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እና የሐበሻው ንጉሥ

ሸሪዓችን ስለዚህ ምን ያስተምረናል? ላላዩት ሰው ማዘን በዲናችን እንግዳ ነገር አይደለም። እንዲያውም ከሁሉ የቀረበው ምሳሌ የአገራችን ሰው ነው።

የሐበሻው ነጃሺ አስሐማ ከመካ የተሰደዱትን ሶሐቦች ተቀብሎ አስጠለለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እና ነጃሺ ዓይን ለዓይን አልተያዩም፤ በመካከላቸው ባሕር ነበረ። ነጃሺ በሞተ ዕለት ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መርዶውን መዲና ላይ ለሶሐቦቻቸው ተናገሩ። ወንድማቸው መሞቱን አስታወቁና ወደ መስገጃው አውጥተው በሰልፍ አቁመው፣ በአራት ተክቢራ የጀናዛ ሶላት ሰገዱለት። ታሪኩ በቡኻሪና በሙስሊም ሶሒሖች ተዘግቧል። የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቃውንት በሩቅ አገር በሞተ ሰው ላይ መስገድን የፈቀዱት ይህን ይዘው ነው፤ ሐነፊዮች ደግሞ ለነጃሺ ብቻ የተደረገ ነው ይላሉ። እኛ ግን ለጉዳያችን የምንይዘው ቁም ነገር አለ። ወንድም ለመባል መተያየት ግዴታ አልሆነም።

እንባስ ቢሆን? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት ዓይናቸው አንብቷል፤ ልባቸውም አዝኗል። የተከለከለው ፊትን መንጨት፣ ልብስን መቅደድ፣ እየጮሁ ሙሾ ማውረድ ነው። ሟቹ ሙስሊም ካልሆነስ? የአንድ አይሁዳዊ ጀናዛ ሲያልፍ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተነሥተው ቆሙ። አይሁዳዊ መሆኑ ሲነገራቸው፣ እሱስ ነፍስ አይደለምን? የሚል መልስ ሰጡ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ በሚቀባበርባት በወሎ ይህ ሐዲስ ማብራሪያ አያሻውም።

ስህተቱ ታዲያ ምኑ ላይ ነው?

እንባው ካልተነቀፈ የሚነቀፈው ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ሟቹን ከሰውነት ልክ ማሳለፍ ነው። ኢብራሂም በሞተ ዕለት ፀሐይ ግርዶሽ ሆነባት። ሰዎችም ለእሱ ሞት ነው አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የገዛ ልጃቸውን ቀብረው ሐዘኑ ገና ሳይበርድ፣ ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞት እንደማይጋረዱ ለሕዝቡ አስረዱ። ለልጃቸው ክብር ሲባል እንኳ ሐሰት እንዲቆም አልፈቀዱም። ዛሬ በፌስቡክና በቲክቶክ የምናየው ግን ዝነኛ ሰው በሞተ ቁጥር ሰማዩን ማስለቀስ፣ የሟቹን ኃጢአትም ድክመትም መሰረዝ፣ «ከእንግዲህ አገሪቱ አለቀላት» ማለት ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ እንባውን የሚቸበችቡት ናቸው። በሕይወት ያለውን ሰው ሞተ እያሉ ያሰራጫሉ፤ የሟቹን ልጆች በለቅሷቸው መካከል ካሜራ ይደቅኑባቸዋል። የደረሳዬ እንባ ምንም አልሸጠም፤ የእነዚህ ግን ንግድ ነው።

ሁለተኛ፣ ሰውየውንና ሰውየው የተሸከመውን ነገር ማምታታት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባለፉ ጊዜ ዑመርን (ረ.ዐ.) የሚያህል ሰው ሞቱን አልቀበልም ብሎ ነበር። አቡበክር (ረ.ዐ.) ናቸው ሕዝቡን ያረጋጉት፤ ሙሐመድን የሚያመልክ ካለ ሙሐመድ መሞታቸውን፣ አላህን የሚያመልክ ግን አላህ የማይሞት መሆኑን አስገነዘቡ። በዚህ ሚዛን ራሴን መዘንኩት። ለኑረይን ያለቀስኩት ለቁርኣኑ ብዬ ከነበረ ቁርኣኑ አልሞተም፤ ዛሬም በእጄ ነው። ለሰውየው ብዬ ከነበረ ለእሱ ምን አደረግሁለት? እውነቱን ልናገርና፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ድምፁን ደጋግሜ ሰማሁ፣ ፎቶውን ለወዳጆቼ ላክሁ። በሌሊት ተነሥቼ «ያ አላህ ማረው» ያልኩበትን ጊዜ ግን ለማስታወስ ተቸገርኩ። ያለቀስኩት ለድምፁ ነበር። ከዘፈን አድማጩ በላይ ነኝ ያልኩት ሰው በዚህ በኩል ከእሱ ጋር እኩል ሆኜ ተገኘሁ።

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ የሆነውን ከዚህ ጋር ሳነጻጽረው አፍራለሁ። ዝነኛው ግብፃዊ ቃሪእ ዐብዱልባሲጥ ዐብዱሰመድ ኅዳር 21 ቀን 1981 ዓ.ም. ሞተ። ያስቀሩን የነበሩት ሽማግሌ ሼኽ ወሬውን ከዐረብኛ ሬዲዮ ሰምተው እንባቸው በጢማቸው ላይ ሲወርድ አየሁ። ሼኹ ከወሎ ወጥተው አያውቁም። እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ደረሳውን ሁሉ ሰበሰቡና እጃችንን አስዘርግተው ለሟቹ ረጅም ዱዓ አደረጉ። ከዚያ «በሉ ሎሓችሁን አንሡ» አሉን። ሐዘኑም ዱዓውም ትምህርቱም በአንድ ጠዋት አለቀ። ያኔ ልጅ ነበርኩና ቁም ነገሩ አልገባኝም።

ድምፃዊ ዓሊ ቢራ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አርፎ በትውልድ ከተማው በድሬዳዋ ሲቀበርም ይኸው ጥያቄ ይነሣል። ቀኑ ኑረይን ከሞተ ልክ ሁለት ዓመቱ ነበር። ዓሊ ሙስሊም ነበር። ዘፈኑን ደጋግሞ የከፈተለት ብዙ ነው፤ ከጀናዛው ርቆ ዱዓ ያደረገለትስ? ሰው ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፤ የሚከተሉት ነዋሪ ምጽዋት፣ የሚጠቅም ዕውቀትና ዱዓ የሚያደርግለት መልካም ልጅ እንደሆኑ ከሐዲስ ተምረናል። የዘፈኑ ተሰሚነት በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

ሦስተኛውና ከባዱ ስህተት ሩቁን አልቅሶ ቅርቡን መርሳት ነው። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ትጠርግ የነበረች አንዲት ሴት ነበረች። በሌሊት ሞተች። ሶሐቦች ነገሩን አቅልለው ለነቢዩ ሳይናገሩ ቀበሯት። እሳቸው ግን ስትጠፋባቸው ጠየቁ። መሞቷን ሲሰሙ ለምን እንዳልነገሯቸው ወቀሱ፤ ቀብሯን አሳይተዋቸው ሄደው ሰገዱባት። አንባቢ ሆይ፣ ሁለቱን ሐዲሶች ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። ባሕር ማዶ ያለውን ንጉሥ ያልረሱት ነቢይ ጠራጊዋንም አልረሱም። እኛ የመጀመሪያውን ብቻ ይዘን ሁለተኛውን ጥለናል። መስጂድዎን የሚጠርጉት እናት ባለፈው ጁሙዓ ነበሩ? ከሌሉስ የጠየቀ አለ?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ዝነኛ ሰው ሲሞት እንባ የመጣበትን ወንድም ወይም እህት «አያውቅህም» ብለን አንሳቅበት። አጠገቡ ተቀምጠን «ማንን አስታወሰህ?» እንበለው። የራሳችን እንባ ሲመጣም ይህንኑ ጥያቄ ለራሳችን እናቅርብ። መልሱ የአንድ ሰው ስም ይሆናል፤ ስሙም ብዙ ጊዜ የቅርብ ሰው ስም ነው። ያ ሰው ሞቶ ከሆነ ዱዓና ሰደቃ ይጠብቃል። ያለ ከሆነ ደግሞ መጠየቅ ይጠብቃል።

እኔ በልጁ ፊት ያጠፋሁትን በጓደኞቹ ፊት ይቅርታ ጠይቄ ለመካስ ሞከርኩ። «ምንም አይደል፣ ኡስታዝ» አለኝ። ከዚያ ከሰፈሩ ሽማግሎች ጋር ተማክረን በእናቱ ቤት ወዳጃ ተቀመጥን። መርዶ አልመጣምና የጀናዛ ሶላት አይሰገድም፤ ተዕዚያም አይባልም። ዱዓ ግን ለመፍቁድም ይደረጋል። በሕይወት ካለ በሰላም መልሰው፣ ወደ አንተ ሄዶ ከሆነም ማረው አልን። እናትየው ሁለተኛውን ሲሰሙ ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተቆጡም። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው «አሚን» አሉ። ልጁም ከበሩ ጎን ቆሞ አለቀሰ። በዚያ ቤት የከለከለው አልነበረም።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።